46 ሺህ ብር የተጠየቀበት የቪትስ ሰርቪስ፦ የቱ ይከፈል፣ የቱ ይቅር?

ጥያቄው፦ «2003 ሞዴል ቪትስ አለኝ፣ ባለ 1.0 ሞተር። 186 ሺህ ኪሎ ሜትር ታነባለች። በየቀኑ ከሰሚት ሜክሲኮ እመላለሳለሁ። ዘይት ልቀይር ጋራዥ አስገባኋትና ዝርዝር ጽፈው ሰጡኝ፦ ዘይትና ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የሞተር ፍላሽ፣ የኢንጀክተር እጥበት፣ ታይሚንግ ቤልት፣ ኩላንት። ድምሩ 46 ሺህ ብር። በዚያ ላይ ኮምፕሬሽኗ ወርዷል፣ ዘይቷም ቶሎ ይጠቁራል፣ በቅርቡ ሞተሩን ማውረድ አለብህ አሉኝ። መኪናዋ ትነሳለች፣ በደንብ ትሄዳለች፣ ትንሽ ዘይት ግን ትበላለች። ይሄ ሁሉ እውነት ያስፈልጋል ወይስ እየተበላሁ ነው?»

ወንድሜ፣ አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ከዝርዝሩ ሦስቱን ሳትውል ሳታድር ክፈል፣ አንዱን አይተህ ወስን፣ ሁለቱን ተዋቸው። አንዱ ደግሞ ጭራሽ መኪናህ ላይ የለም። ሞተር ማውረዱን፣ ማለትም ፈትቶ ማደሱን፣ ለብቻው እመጣበታለሁ፤ ትልቁ ብር ያለው እዚያ ነው።

ከሌለው ልጀምር። ቪትስ ታይሚንግ ቤልት የላትም። ያንተ ሞተር 1ኤስዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ነው፤ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚያዞረው ካቴና (የብረት ሰንሰለት) ነው። ካቴና ደግሞ እንደ ጎማ ቤልት ኪሎ ሜትር ተቆጥሮ አይቀየርም። ሲላላ ይናገራል፦ ጠዋት ስታስነሳት ከሞተሩ በአንድ ጎን ለጥቂት ሰከንድ ይንቀጫቀጫል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ይሄ ድምፅ ከሌለ አይነካ። ምናልባት ዝርዝሩን የጻፈው ሰው ከውጭ ያለውን፣ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውን ቺንጋ ለማለት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሄደህ በጨዋነት «የትኛውን ነው? አሳየኝ» በለው። የውጩን ካሳየህና ከተሰነጣጠቀ ይቀየር፣ ብዙም አያስወጣም። የለም የውስጡን ነው ካለህ ግን የቀረውን ዝርዝር በምን ያህል እምነት እንደምታነበው አወቅህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሰርቪስ ያስፈልጋል ወይ?» ብለህ ከጠየቅህ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። የትኛውም ጋራዥ «አያስፈልግም» አይልህም። እኔ ለእያንዳንዱ ዕቃ የምጠይቀው ሌላ ሁለት ነገር ነው። ይሄ ነገር ሊበላሽ ሲል ቀድሞ ያስጠነቅቀኛል ወይ? ሲሄድስ ብቻውን ነው የሚሄደው ወይስ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው? ሳያስጠነቅቅ ሞተሩን ይዞ ለሚሄደው ነገር፣ መኪናው ሰላም ሆኖ እያለም ቢሆን ቀድመህ ክፈል። አስጠንቅቆ ብቻውን ለሚሄደው ግን ምልክቱን እስክታይ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። በቃ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ መካኒኮች «ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ ጣላት» ሲሉ ሰምተህ ይሆናል። ለነሱ ልክ ነው። እኛ አገር ሒሳቡ ሌላ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና የመለዋወጫ ዋጋ ተያይዞ ወጣ። ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትስ ሌላ አገር ቁርጥራጭ ብረት ብትሆንም እዚህ ንብረት ናት። ሞተሯ ከሄደ ሶማሌ ተራ ሄደህ የምታገኘው ዩዝድ ሞተር የት እንደነበረ፣ ማን እንደነዳው፣ ስንት ጊዜ እንደሞቀ የሚነግርህ የለም። ስለዚህ እዚህ አገር ሞተር ለሚያድን ነገር ትንሽ አብዝቶ መክፈል ያዋጣል። ለሌላው ግን አይደለም። ጋራዦችም ይሄን ስለሚያውቁ «ሞተርህን እንዳታጣ» እያሉ ሞተር የማያድነውን ሁሉ አብረው ይሸጡልሃል።

ዘይትና ፊልትሮ ላይ አትከራከር። ዘይት ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የምታውቀው ከረፈደ በኋላ ነው፤ የዘይት መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ከወደቀ በኋላ እንጂ ሊወድቅ ሲል አይደለም። ሲሄድም ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን ተሸካሚ)፣ ካምሻፍቱንና ካቴናውን አንድ ላይ ይዞ ነው።

«ግን 5,000 ኪሎ ሜትር ገና አልሞላሁም» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ በሰዓት እናስላው። ጠዋት ከሰሚት ሜክሲኮ ስትጎተት አማካይ ፍጥነትህ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ሞተሩ 330 ሰዓት ገደማ ይሠራል። ያው 5,000 በአዳማ መንገድ በ80 ቢነዳ 62 ሰዓት ገደማ ነው። ኪሎ ሜትሩ አንድ ነው፣ ሞተሩ የሠራው ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ቶዮታ ራሱ ጃፓን ውስጥ ለተራ ቤንዚን መኪና 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም 1 ዓመት ይላል፤ ከባድ አጠቃቀም ለሚለው ግን ግማሹን። ከባድ የሚለው ምን መሰለህ? አቧራ፣ ዳገት፣ አጭር ጉዞ፣ ሞተር አስነስቶ መቆም። የአዲስ አበባን ኑሮ ነው የገለጸልህ። እኔ ላንተ ዓይነት ሰው 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም 6 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የመጣውን እላለሁ። በየ3,000ው ቀይር የሚልህ ግን ዘይት ሊሸጥልህ ነው።

«ዘይቷ ይጠቁራል» ላሉህ፣ መጥቆሩ ጥፋት አይደለም። ጥሩ ዘይት ጥቀርሻውን አንስቶ የሚይዝ ኬሚካል አለው፤ ስለዚህ ሥራውን ሲሠራ ይጠቁራል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ ስታየው ወተት የተቀላቀለ ቡና የሚመስል ነገር ካለ ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ከቀጠነ ነዳጅ እየወረደበት ነው። የመሙያው ክዳን ሥር እንደ ጥቁር ቅባት የተጋገረ ነገር ካገኘህ ከዚህ በፊት የነበረው ሰው ዘይት አይቀይርም ነበር።

ስለ ውፍረትም ልንገርህ። ብዙ ጋራዥ አሮጌ ሞተር ሲያይ 20ደብልዩ-50 ይሞላል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ግን በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ብርድ ላይ ያ ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሞተር ደግሞ ክፉኛ የሚበላው በዚያች ሰዓት ነው። 5ደብልዩ-30 ወይም 10ደብልዩ-30 ላንተ ልኩ ነው። ጋሎኑ ጀርባ ላይ ኤፒአይ ኤስኤል ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ለምሳሌ ኤስኤን ወይም ኤስፒ፣ መጻፉን እይ። ሲኤፍ ወይም ሲአይ ብቻ ከሆነ ለናፍጣ የተሠራ ነው። ደግሞ ዘይቱን ራስህ ከምታውቀው ሱቅ ግዛ፣ ሲከፈት ቁመህ እይ። ሲጨርሱ ባዶውን ጋሎን ብሳው። ቆራሌው ባዶ ጋሎን የሚገዛው ለውሃ መቅጃ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ ተመልሶ በማይረባ ዘይት ተሞልቶ፣ ክዳኑ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ኩላንቱንም ክፈል። እንዲያውም እኔ ከዘይት ቀጥሎ የማስቀምጠው እሱን ነው፣ ምክንያቱ ደግሞ ከተማችን ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመኪናህ ቴርሞስታት (ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር) የሚከፈተው ከ80 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ማለትም መደበኛ ሙቀትህና መፍላት መካከል ያለው ክፍተት የአሥር ዲግሪ ጉዳይ ነው። ይሄን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ግፊት ይይዛል፣ ግፊቱ ደግሞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ይወስደዋል። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ሞቶ ከሆነ ግን ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ እያለ ትራፊክ ላይ ትፈላብሃለች። ከፈላች ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነውና ይጣመማል፣ በሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፣ ከዚያ የምትከፍለው ከዚህ ዝርዝር ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ኩላንት ሲቀየር ክዳኑንም አስቀይር። ከሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ግን አልተጻፈም።

ውሃ ብቻ መሙላት የለመደ ሰው ብዙ ነው። ውሃ ይሠራል፣ ለጊዜው። ውስጡን ግን ዝገትና ጨው ያበላዋል፣ ራዲያተሩም ቀስ በቀስ ይደፈናል። ኩላንት ዝገት የሚከላከል ነገር አለው፤ በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ጥሩ ነው። ሌላም የማያቸው ነገር አለ። መኪናው ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ የሚጥል መካኒክ። «አገራችን ሙቅ ነው፣ አያስፈልግም» ይልሃል። አዲስ አበባ ሙቅ ናት እንዴ? ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ብርድ ላይ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፣ የተረፈው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ነዳጅ በዛብኝ ብለው ኢንጀክተር ካሳጠቡ ሰዎች ውስጥ ቴርሞስታት ብቻ የጎደላቸው አሉ። ያንተ መኖሩን ጠይቅ። የሙቀት ጌጅ ካለህ፣ ከተነሳች ከሩብ ሰዓት በኋላም ታች ተኝቶ ከቀረ ተጥሎ ሊሆን ይችላል።

የአየር ፊልትሮ ብዙ አያነጋግርም። ርካሽ ነው፣ ኮፈኑን ከፍተህ ያለ መካኒክ ትቀይረዋለህ። ሥራው የሚቆፈረውን የመንገድና የግንባታ አቧራ ከፒስተኑ ማራቅ ነው። አቧራው አሸዋ ነው፤ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን እየሞረደ ይጨርሳል፣ ምንም መብራት አይበራልህም። ወደ ብርሃን አንሳና እየው። ብርሃን በወረቀቱ ካላለፈ ቀይር። በኮምፕሬሰር በኃይል እያስነፉ ዓመታት መጠቀም ግን ወረቀቱን ይቀደዋል፤ የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ ከቆሸሸው ይብሳል።

ካንዴላ ታይቶ ይወሰን ያልኩህ ነው። ተራው ኒኬል ካንዴላ 20,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያገለግላል፣ ኢሪዲየሙ ወደ 100,000። የትኛው እንዳለህ አታውቅም፣ ስለዚህ ይውጣና ፊትህ ይታይ። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደንብ እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ደረቅ ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብ፣ ዘይት የነካው ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነም በዚያው ታውቃለህ። የወጡትን በቁጥር አስቀምጣቸው፣ አትደባልቃቸው። ካስቀየርክም ኢሪዲየም ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኢሪዲየም አይደለም። የመሐሉ ጫፍ እንደ መርፌ ቀጭን መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ስሙ ነው የተጻፈበት። ጥርጣሬ ካለህ ኦሪጅናል ተራ ካንዴላ ከፎርጅድ ኢሪዲየም መቶ ጊዜ ይሻላል።

ፍላሹን ተወው። አሳማኝ ይመስላል፣ ሞተሩን ከውስጥ ማጠብ ማን ይጠላል? ግን ታሪኩ በማይታወቅ 20 ዓመት ባለፈው ሞተር ውስጥ የተጋገረ ቆሻሻ ካለ፣ ያ ኬሚካል በአንዴ ሲያላቅቀው የሚሄደው ወደ ታች ነው። ታች ደግሞ የዘይት ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት አለ። እሱ ከተደፈነ በገዛ ገንዘብህ ሞተርህን አነቅኸው። ማጽዳት ከፈለግህ ጥሩ ዘይት ሞልተህ በ2,000 ኪሎ ሜትር ከነፊልትሮው ቀይረው፣ ከዚያ ወደ መደበኛው 5,000 ተመለስ። ቀስ እያለ ያጥባል፣ አያስደነግጥም።

ኢንጀክተር ቀድሞ ከሚያስጠነቅቁት ወገን ነው። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ስትሰጣት ትንቀራፈፋለች፣ አስነስቶ ለመሄድ ታስቸግራለች። አንተ ከነዚህ አንዱንም አልጠቀስክም። ቢመጣም እንኳ መጀመሪያ ካንዴላ፣ ኮይል፣ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ይታያል፤ ኢንጀክተር መጨረሻ ነው። የምታሳጥብ ከሆነ ደግሞ መስታወት ቱቦ ባለው ማሽን ላይ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ስንት እንደሚረጭ አሳዩኝ በል። ልዩነቱን ካላየህ ምን ገዛህ? ለጊዜው ዝም ብለህ ታንከርህን ከሩብ በታች አታውርድ፣ የጀሪካን ቤንዚንም አትልመድ፤ ኢንጀክተር የሚያቆሽሸው ከዚያ የሚመጣው ውሃና ደለል ነው።

እንግዲህ ወደ ትልቁ፣ «ኮምፕሬሽኗ ወርዷል፣ ሞተር ይውረድ» ወደሚለው።

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። መጀመሪያ በምን ለኩ? ድምፁን ሰምተው፣ ጭሱን አይተው ወይም የዘይት ክዳኑን ከፍተው «እየተነፈሰ ነው» ብለው ከሆነ ይሄ ልኬት አይደለም። ጌጅ አስገብተው ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ስንት ነበር? ቁጥሩን ያልጻፈልህ መካኒክ አልለካም ብለህ ያዝ።

ለክቶም ቢሆን ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ሰው ላይገባው ይችላል። ማኑዋል ላይ ያለው የኮምፕሬሽን ቁጥር ባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው የሳበውን አየር ነው፣ እዚህ ያለው አየር ደግሞ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጅቡቲ ላይ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያነብ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ150 እስከ 160 ቢያነብ ምንም አልሆነም። መካኒኩ ግን ስልኩን አውጥቶ «ቶዮታ እኮ ከ200 በላይ ነው የሚለው» ብሎ ያሳይሃል፣ አንተም ታምናለህ፣ ሞተሩ ይወርዳል። አንድ ኮሮላ አይቻለሁ፣ አራቱ ሲሊንደር 152፣ 150፣ 154፣ 150 እያነበበ «አልቋል» የተባለ። እንደዚያ እኩል የሆነ ሞተር ምኑ ይታደሳል?

በነገራችን ላይ «አቅም አነሳት» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከተማ ጉልበቱን ሩብ ገደማ ከስሮ ነው የሚኖረው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለውን የእንጦጦን ጫፍ ስትወጣ ደግሞ የበለጠ። 1.0 ቪትስ አራት ሰው ጭና እንጦጦ ላይ ብትንፈራገጥ በሽታ አይደለም።

ዋናው የአንዱ ሲሊንደር ቁጥር ከሌላው ጋር ያለው ልዩነት ነው። አራቱ ተቀራራቢ ከሆኑ፣ ልዩነታቸው 15 ፒኤስአይ ካልዘለለ፣ ሞተር አይወርድም። ሲለካም በወጉ ይለካ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ። በቀዘቀዘ ሞተርና በደከመ ባትሪ የተለካ ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ ያን ደግሞ ዕድሳት መሸጥ የሚፈልግ ሰው በደንብ ያውቀዋል። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው ይድገሙት። ቁጥሩ ከፍ ካለ አየሩ በፋሻው በኩል ነው የሚያመልጠው። ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ይሄ ልዩነት ኪስህን ይነካል። ችግሩ ከላይ በኩል፣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ከሆነ ቴስታታ ብቻ ተነስቶ ይሠራል፣ ሙሉ ሞተር ማውረድ አያስፈልግም።

«ትንሽ ዘይት ትበላለች» ያልከውን አልረሳሁም። ትንሽ ስንት ናት? ሜዳ ላይ አቁማት፣ ሞተሩን አጥፍተህ አሥር ደቂቃ ቆይ፣ እስከ ላይኛው ምልክት ሙላ። 1,000 ኪሎ ሜትር ነድተህ እንደዚያው ለካ፣ ወደ ምልክቱ ለመመለስ የጨመርከውን ጻፍ። የቶዮታ የባለቤት ማኑዋሎች ለ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ድረስ በወሰኑ ውስጥ ነው ይላሉ። ለኔ እሱ በዝቷል። ግን ግማሽ ሊትር ነው እንበል። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ከነዳህ 5 ሊትር ማለት ነው፣ አንድ ባለ 4 ሊትር ጋሎንና ትንሽ። ለሞተር ዕድሳት የሚጠይቁህን ብር ለዚያ አካፍለው። ለስንት ዓመት ዘይት እየጨመርክ እንደምትነዳ ራስህ ታየዋለህ፤ በዚያ ላይ ብዙ የታደሰ ሞተር በርካሽ ፋሻና በደከመ ሰው እጅ ተሠርቶ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ዘይት ይበላል። ስለዚህ ጋሎን ከመኪናህ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይኑር፣ በሳምንት አንዴ ለካ። ዘይት የምትበላ መኪና የምትሞተው ስለበላች ሳይሆን የሚያያት ስለሌለ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ርካሽ ነገር ይታይልህ። አንዱ ፒሲቪ ቫልቭ ነው፤ ከሞተሩ ውስጥ የሚተነፍሰውን ጋዝ መልሶ የሚያስገባ ትንሽ ዕቃ። አውጥተህ ስታንቀጫቅጨው ድምፅ ካልሰጠ ተደፍኗል፤ ሲደፈን ግፊቱ ዘይቱን በየቀዳዳው ይገፋዋል። ሁለተኛው ጭሱ ነው። ሌሊቱን አድራ ጠዋት ስትነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብላ ከጠፋች የቫልቭ ሲል ነው፣ ቀላል ሥራ ነው። ዳገት ላይ ስትረግጣት ሰማያዊ እየለቀቀች ከሄደች ፋሻው ነው።

መቼ ነው እንግዲህ ሞተር መውረድ ያለበት? ከታች በኩል፣ ስትረግጣት የሚከር ከባድ ኳኳታ ካለ። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ሲሆን የዘይት መብራት ብልጭ ካለና በጌጅ ተለክቶ ግፊቱ መውደቁ ከተረጋገጠ። ፋሻው ማለቁ በልኬት ከታየና ጭሱ ቦሎ የሚከለክልህ ደረጃ ላይ ከደረሰ። እነዚህ ሲመጡ ደግሞ አትዘግይ፤ ኳኳታው የጀመረ ሰሞን የሚቀየረው ብሮንዚን ነው፣ ስትነዳበት ከከረምክ ኮሎው (ዋናው የሞተር ዘንግ) ራሱ ይበላል።

ይሄን የሚያነብ ሌላ መኪና ያለው ሰው ካለ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከላይ ታይሚንግ ቤልቱን የቀለድኩበት ለቪትስ ነው። ባለ 2ኬዲ ዲፎርዲ ሞተር ሃይሉክስና ዶልፊን፣ የድሮዎቹ ሃዩንዳይ አክሰንቶች፣ እነዚህ የጎማ ቤልት አላቸው። ቤልት ተበጥሶ የሚሄደው ድንገት ነው፣ ፒስተኑና ቫልቩ ይገናኛሉ፣ በቃ። በኪሎ ሜትሩ፣ ከነመወጠሪያው፣ ሳትከራከሩ ቀይሩ። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የሻጩ ቃል ብቻ ካላችሁ፣ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትርም እንደዚያው፤ ያንተ 186 ሺህም ጨምሮ ማለቴ ነው ወንድሜ፣ ወደ ኋላ የሚመልሱት ጥቂት አይደሉም። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የተበላ የፍሬን ፔዳል ጎማና ያለቀ መሪ ነው የማየው።

እና ነገ እንዲህ አድርግ። ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ኩላንትና የራዲያተር ክዳን ብቻ ይሠሩልህ። ዕቃውን ራስህ ግዛ፣ ለእጃቸው ብቻ ክፈል። ካንዴላው ለማየት መውጣቱ ስለማይቀር በዚያው ኮምፕሬሽን በጌጅ ይለኩልህ፣ ለልኬቱ ለብቻው ቢያስከፍሉህም ክፈል፣ ይሄ የማይቆጭ ብር ነው። አራቱን ቁጥር በተራ ወረቀት ላይ ይጻፉልህ። አራቱም ከ140 በላይ ሆነው ከተቀራረቡ የሞተር ዕድሳቱን ወሬ እርሳው። አንዱ ከሌሎቹ በ30 ወይም በ40 ካነሰ ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ለክተው ሁለተኛውንም ቁጥር ይጻፉ፤ ሁለቱን ቁጥርና የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ፎቶ ላክልኝ፣ ቴስታታ ይሁን ፋሻ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።